ቢአር 44 በኤችኦ፦ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ምቱም ከመንኮራኩሩ ጋር አይገጥምም

ናቲ_ኤችኦ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቢአር 44 በተባለው የጀርመን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የ1፡87 (ኤችኦ) ሞዴል ላይ ድምፅ እየገጠምኩ ነው። ሞዴሉ ቆየት ያለ ነው፤ ባለ 8 ፒን ሶኬት አለው፣ ሞተሩ ቦይለሩ ውስጥ ነው፣ ቴንደሩ (ከኋላ ያለው የነዳጅና የውሃ ጋሪ) ባዶ ነው። ዲኮደሩ (ሞተሩንና ድምፁን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ሎክሳውንድ 5 ሲሆን አብሮት የመጣውን 11 በ15 ሚ.ሜ ስፒከር (4 ኦም) ቴንደሩ ውስጥ በባለሁለት ፊት ቴፕ ለጥፌዋለሁ። የተጫነው የቢአር 50 ድምፅ ነው፤ የሁለቱም እውነተኛ ሎኮሞቲቮች የመንዳት መንኮራኩር 1,400 ሚ.ሜ ስለሆነ።

አሁን ያለው ችግር ይሄ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቮልዩም ሲጨመር ጆሮ ይወጋል እንጂ አይወፍርም። ፊሽካው ሲነፋ ይንሻሻል። ቀስ ብሎ ሲሄድ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር 4 ምት (የእንፋሎቱ «ቹፍ») ይሰማል፣ ፈጠን ሲል ደግሞ ምቱ ወደ ኋላ ይቀራል። መስመር መቀየሪያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋርጦ እንደ አዲስ ይነሳል። ሁለተኛ ስፒከር ብጨምርበት ይሻለው ይሆን?

ሰብለ_ዲሲሲ፦

ናቲ፣ ለሁለተኛ ስፒከር አትቸኩል። ያለው ስፒከር ገና አልተገጠመም ማለት ይቻላል። የስፒከር ሽፋን ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው አየር ይስባል። ጀርባው በሳጥን ካልተዘጋ የኋላው አየር በጎን ዞሮ የፊተኛውን ያጠፋዋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ስለሆነ ቀጭኑ ብቻ ይቀርሃል። ቮልዩም መጨመር ይህንን አያድነውም።

ከስፒከሩ ጋር የመጡ ትንንሽ የፕላስቲክ ክፈፎች አሉ፤ እየተደራረቡ ሳጥን የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ቴንደሩ ክዳኑ ተገጥሞ የሚችለውን ያህል ከፍ አድርገህ ደርድራቸው፤ ሳጥኑ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። መጋጠሚያዎቹን በሙሉ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ኮላ እያስነካህ ዙርባቸው፣ ሽቦው የሚወጣበትንም ቀዳዳ አትርሳ። ብዙ ጊዜ አየር የሚያፈሰው እዚያ ነው። ሱፐር ግሉ አትጠቀም፤ ትነቱ ሽፋኑን ያደርቀዋል። ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ተወው። መታሸጉን የምታውቀው እንዲህ ነው፦ ድምፅ እየወጣ ሳለ መጋጠሚያውን ለስላሳ ማጣበቂያ ሊጥ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርግበት፤ ድምፁ ከወፈረ ክፍተት አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ድምፁ የሚወጣበት መንገድ ያስፈልገዋል። ስፒከሩን ፊቱን ወደ ታች አድርገህ የቴንደሩን ወለል በ1 ሚ.ሜ መሰርሰሪያ ብስብስ አድርገው። ስትበሳ ስፒከሩ ከአጠገብህ አይኑር፤ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይስባል፣ ብናኙ ሽፋኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚወጣው መፋቅ የሚመስል ድምፅ በምንም ሲቪ (የዲኮደሩ ቅንብር ቁጥር) አይስተካከልም። ወለሉን በብሩሽ ጠርገህ፣ በስፒከሩና በወለሉ መሃል 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የስፖንጅ ቀለበት አድርግ። ሽፋኑ ወለሉን እንዳይነካው ይጠብቀዋል፣ የቴንደሩም ቆርቆሮ አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል።

ሁለተኛ ስፒከር ግድ ካልክ ልብ በል፦ ሎክሳውንድ 5 ከ4 ኦም በታች አይችልም። ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን ብታገናኝ 2 ኦም ይሆንና ማጉያውን ታቃጥለዋለህ። በተርታ ስታገናኛቸው 8 ኦም ይሆናሉ፣ ያ ደህና ነው። አቅጣጫቸውንም አረጋግጥ፤ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነክተህ ሁለቱም ሽፋኖች ወደ አንድ ወገን መንቀሳቀሳቸውን ተመልከት። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ከአንድ ስፒከርም የባሰ ይሆናል።

ቴንደር34፦

ስለ ስፒከሩ ሰብለ ጨርሳዋለች፤ እኔ ስለ ምቱ ልበል።

የቢአር 50 ድምፅ ለ44 አይሆንም፤ የመንኮራኩሩ መጠን መመሳሰሉ ለምቱ ብዛት አይበቃም። 50 ሁለት ሲሊንደር ነው። እያንዳንዱ ፒስተን በሁለቱም ወገን እንፋሎት ስለሚገፋው፣ ክራንኮቹም በ90 ዲግሪ ስለተለያዩ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር 4 ጊዜ ያስተነፍሳል። 44 ግን ሦስት ሲሊንደር ነው፤ በየ60 ዲግሪው አንድ፣ በአንድ ዙር 6 ምት። የ44ን ጉልበት ከሩቅ የሚያሳውቀው ይህ የተጠጋጋ ምት ነው፤ እሱ ከሌለ ሞዴሉ ምንም ቢያምር 44 አይመስልም።

«ሲቪ 57ን ቀይሬ 4ቱን 6 ላድርጋቸው» እንዳትል። የሁለት ሲሊንደር ቅጂ አራቱን ምቶች በቅደም ተከተል የያዘ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎላል። ያንን በአንድ ዙር 6 ጊዜ ስታጫውተው የጎላው ምት በየዙሩ ቦታውን እየቀየረ ይዞራል፣ ለጆሮም አንካሳ ይሆናል። ከዲኮደሩ አምራች ከኢኤስዩ ገጽ የራሱን የቢአር 44 ፋይል በነፃ አውርደህ ዲኮደሩን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በሎክፕሮግራመር ጫን።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ብዙ ሰው ምቱን አስተካክሎ ሞተሩን በኋላ ይነካና ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ዲኮደሩ ምቱን የሚያሰላው ሞተሩ ከሚመልሰው ቮልቴጅ ነው፤ የሞተሩ ቁጥጥር ከተቀየረ ምቱም አብሮ ይሸሻል። ፈጠን ሲል ወደ ኋላ የሚቀርብህም በዚህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሎኮሞቲቩን ቀባው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ትንሽ አስኪደውና ይሙቅ። ከዚያ ቀጥ ባለና ሜዳ በሆነ ሐዲድ ላይ፣ ከፊቱ ቢያንስ አንድ ሜትር ነፃ ቦታ ትተህ፣ ሲቪ 54 ላይ 0 ጻፍና የመቆጣጠሪያህን የኤፍ1 ቁልፍ ተጫን። በሙሉ ፍጥነት ለአፍታ ተወርውሮ ይቆማል፤ ሞተሩን እየለካ ነው። እጅህን አዘጋጅ።

ቀጥሎ ሲቪ 5፣ የከፍተኛ ፍጥነቱ ቅንብር። የ44 ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪ.ሜ ነው፤ በ1፡87 ሲሰላ በሰከንድ 25.5 ሴ.ሜ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሜትር ሐዲድ ለክተህ በ3.9 ሰከንድ ገደማ እስኪያልፈው ድረስ ሲቪ 5ን አውርድ። ብዙ ሞዴሎች ሲገዙ ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ።

አሁን ወደ ምቱ። አንዱ የመንዳት መንኮራኩር ላይ ነጭ ቀለም ነጥብ አድርግ። በመጀመሪያው የፍጥነት ደረጃ ነጥቡ አንዴ እስኪዞር ምቱን ቁጠርና 6 እስኪሆን ሲቪ 57ን ሁለት ሁለት እያደረግህ ቀይር። ከዚያ በመካከለኛ ፍጥነት በሲቪ 58 አስተካክል፤ እዚያ አንድ አንድ ብቻ እየቀየርክ ሂድ። የሚያስጨንቀው በሰዓት ከ20 ኪ.ሜ በታች ያለው ነው። በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ በ10 ኪ.ሜ በሰከንድ 4 ምት ገደማ ነው፣ ጆሮ ይቆጥረዋል። በ80 ኪ.ሜ 30 ይሆናል፤ እዚያ ሲደርስ የሚሰማው አንድ የማይቋረጥ ጉርምርምታ ነው፣ ዓይንም ጆሮም አይለየውም።

በነገራችን ላይ፣ ሞተራቸው ቴንደር ውስጥ ያለ ሞዴሎች ላላችሁ፦ በእነዚያ ላይ የፊተኛው መንኮራኩር የሚዞረው ሐዲዱ ስለሚያንከባልለው ብቻ ነው። ዘይት የነካው ሐዲድ ላይ ሲንሸራተት ምቱ ከክራንኩ ይለያል፤ ያ የሲቪ ጉዳይ አይደለም። ሐዲዱንና መንኮራኩሩን አጽዱ፣ የክራንኮቹን መገጣጠሚያ አላሉ።

ናቲ_ኤችኦ፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ፋይሉን ልጭን ስል ለ44 ሁለት ዓይነት አገኘሁ፤ አንዱ የከሰል፣ አንዱ የዘይት። የሞዴሉ ቁጥር በ043 ይጀምራል። የቱ ነው የሚሆነው?

ቴንደር34፦

የዘይቱ። የምዕራብ ጀርመን ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1968 ቁጥር ሲቀይር በከሰል የሚነዱትን 44ዎች 044፣ በዘይት የሚነዱትን 043 አላቸው። በራይነና በኤምደን መካከል እስከ 1977 ድረስ 4,000 ቶን የማዕድን ባቡር ሁለት ሁለት ሆነው የጎተቱት እነዚህ 043ዎች ናቸው። በ043 ላይ አካፋ ሲጭር የሚሰማበት የከሰል ፋይል ከጫንክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዝሃል። የዘይቱ ፋይል በአካፋው ፋንታ የማቃጠያውን ጉምታ ይሰጥሃል።

ሲቪ 3ንም ከፍ አድርገው። በሎክሳውንድ 5 ቁጥሩን በ0.25 ስታባዛው ከቆመበት እስከ ሙሉ ፍጥነት የሚፈጅበት ሰከንድ ይመጣል፤ 80 ብታደርገው 20 ሰከንድ ነው። ሎኮሞቲቩ በሁለት ሰከንድ ከፈተለከ የመነሻውን ከባድ ምት ለመስማት ጊዜ የለህም። በሲቪ 4ም ማቆሚያውን አርዝመው፤ ፍጥነት ስትቀንስ ምቱ ጠፍቶ የክራንኮቹ ኳኳታ ብቻ የሚሰማው ያኔ ነው።

የሽቦ_ሰው፦

መስመር መቀየሪያው ላይ ድምፁ እንደ አዲስ የሚነሳው ዲኮደሩ ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥበት ነው። ወደ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ አጠራቅሞ የሚመልስ) ከመሮጥህ በፊት ስንት መንኮራኩር ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ በቴስተር ለካ። በድሮ ሞዴሎች የቴንደሩ መንኮራኩሮች ብዙ ጊዜ አይወስዱም። 0.3 ሚ.ሜ የፎስፈር ብሮንዝ ሽቦ ከመንኮራኩሩ ጀርባ በቀስታ የሚነካ አድርገህ ግጠምላቸው። ጠበቅ ካለ መንኮራኩሩን ያቆመዋል።

ከዚያ ካፓሲተር። ሒሳቡን አስቀድመህ እወቀው፦ 1,000 ማይክሮፋራድ ከ16 ወደ 8 ቮልት እስኪወርድ፣ ሞተሩና ድምፁ 200 ሚሊአምፔር ቢወስዱ፣ 0.04 ሰከንድ ብቻ ይይዝሃል። ለአቧራ ነጥብ ይበቃል፤ ለረጅም የፕላስቲክ መጋጠሚያ አይበቃም። ለዚያ የዲኮደሩ አምራች የሚሸጠው ፓወርፓክ የተባለው የኃይል ማከማቻ ይሻላል።

በተራ ካፓሲተር ከሠራህ ባለ 25 ቮልት ይሁን። የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ዲኮደሩ ሰማያዊ ሽቦ (የጋራው ፖዘቲቭ) ይሂድ፤ ሬዚስተሩን የሚዘል 1ኤን4001 ዳዮድ ጨምር፣ ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ሰማያዊው ሽቦ ይሁን። ካፓሲተሩ ሲሞላ ሬዚስተሩ የመቆጣጠሪያ ጣቢያውን ሾርት ያለ እንዳይመስለው ያደርጋል፣ ካፓሲተሩ ሲመልስ ደግሞ ዳዮዱ በነፃ ያሳልፋል። ኔጋቲቩ የሚገናኘው ዲኮደሩ ላይ ካለው የግራውንድ ነጥብ ጋር ነው። ጥቁሩ ሽቦ የግራ ሐዲድ ነው፣ ግራውንድ አይደለም፤ እዚያ ያገናኘ ሰው ዲኮደሩን ያጣል። በፕሮግራም ሐዲድ ላይ ሲቪ ማንበብ እምቢ ካለህም ካፓሲተሩን ለጊዜው ንቀለው።

ሰብለ_ዲሲሲ፦

ፊሽካው ቀርቷል። ሳጥኑ ከታሸገ በኋላም ከተንሻሻለ ጠቅላላውን ቮልዩም (ሲቪ 63፣ እስከ 192) አትንካ፤ ምቱም አብሮ ይሞትብሃል። የፊሽካውን ብቻ ዝቅ አድርግ። ሲቪ 31 ላይ 16፣ ሲቪ 32 ላይ 1 ጽፈህ የድምፆቹን ቮልዩም ክፈት፤ የመጀመሪያው ድምፅ በ259 ላይ ነው፣ ቀጣዮቹ በ8 እየጨመሩ 267፣ 275 እያሉ ይሄዳሉ። ፊሽካው ስንተኛ እንደሆነ ከፋይሉ ጋር የሚመጣው ወረቀት ይነግርሃል። 128 ሙሉው ነው፤ ከ80 ጀምረህ ሞክር። ባሱንም በሲቪ 196 እይ፤ 16 መሃሉ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ትንሹ ሽፋን ከአቅሙ በላይ ስለሚወዛወዝ እሱም ያንሻሽላል።

ቮልዩሙን ስታስተካክል ሎኮሞቲቩ ሐዲዱ ላይ ሆኖ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ስማው። በእጅህ ይዘህ የመረጥከው ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ይበዛል፤ እንጨቱ አብሮ ስለሚጮህ።