ለቦልሩም ዳንስ ጫማ ምን ዓይነት ቦርሳ ይሻላል?

ቀይ ሳቲን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦልሩም፣ ማለትም ጥንድ ሆኖ የሚደነሰውን ዳንስ፣ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለፈው ወር የመጀመሪያዬን ትክክለኛ የዳንስ ጫማ ገዛሁ። እንደ ሩምባና ቻቻ ላሉ የላቲን ዳንሶች የሚሆን ነው፤ ጣቱ ክፍት፣ ላዩ ሳቲን፣ ሶሉ ካሞሽ (ጸጉራም ለስላሳ ቆዳ)፣ ታኮው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ገንዘብ አጠራቅሜ ስለገዛሁት በጣም እሳሳለታለሁ።

የቸገረኝ ይዞ መሄዱ ነው። ወደ ልምምድ የምሄደው በቀጥታ ከሥራ ስለሆነ ጫማው ቀኑን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ከውሃ መያዣ፣ ከቻርጀርና ከቅያሪ ልብስ ጋር ይውላል። እስካሁን በፌስታል ጠቅልዬ ነበር የምይዘው። ትናንት ሳወጣው የግራው ዘለበት የቀኙን ሳቲን ጭሮት አገኘሁ። ከጣቱ ማሰሪያ ላይ አንዲት ቀጭን ክር ተመዛ ወጥታለች። ትንሽ ናት፣ ግን ብርሃን ሲያርፍባት ወዲያው ዓይን ውስጥ ትገባለች። አንጀቴ ነው ያረረው።

ሁለት ነገር አይቻለሁ። አንዱ እንደ ሳጥን ጠንካራ የሆነ ባለ ዚፕ መያዣ ነው፤ ሌላው አፉ በገመድ የሚሳብ የጨርቅ ከረጢት። ሳጥኑ ቦታ ይፈጃል፣ ከረጢቱ ደግሞ ስስ ሆነብኝ። እናንተ በምንድን ነው የምትይዙት?

የማታ ዋልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ፌስታሉን ግን ዛሬውኑ ተገላገይው። ሁለት ሰዓት ከደነስሽ በኋላ እጅሽን ጫማው ውስጥ ብትከቺ ላቡ ይሰማሻል። ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ያ ላብ መውጫ የለውም። መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዚያ ይሻግታል፣ እያደር ደግሞ ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ይለቃል። ካሞሽ እርጥበት ሲነካው ጸጉሩ ተጣብቆ ይተኛል፤ ሲደርቅ ይደድርና ወለሉ ላይ እንደ በፊቱ አይይዝልሽም።

ስለዚህ ጨርቅ። ግን አንድ ከረጢት አይደለም፣ ሁለት፣ ለእያንዳንዱ ጫማ ለየብቻ። ያንቺን ሳቲን የጫረው ሌላ ዕቃ ሳይሆን የራሱ ጓደኛ ነው፣ አይደል? ዘለበት፣ ፈርጥ፣ የታኮ ጫፍ፣ ሁሉም ሳቲን ይጭራል። ጨርቁ ወፈር ያለ ለስላሳ ጥጥ ይሁን፣ ቀለሙ ነጭ ወይም ያልተነከረ። ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ላብ ሲነካው ሳቲኑ ላይ ሊለቅ ይችላል፤ የኔ የቆዳ ቀለም ያለው ጫማ ላይ ሐምራዊ ነገር ቀርቷል፣ እስካሁን አልወጣም።

ታንጎ ወዳድ፦
በሁለቱ ከረጢት እስማማለሁ፣ ግን ቦርሳሽ ሙሉ ከሆነ ከረጢት ብቻውን አይበቃም። ጨርቅ ከመጫር ያድናል፣ ከመጨፍለቅ አያድንም። የዳንስ ጫማ እንዲተጣጠፍ ተብሎ ስለሚሠራ ከመንገድ ጫማ ይልቅ ስስ ነው። የተረከዙ ማቀፊያ በውሃ መያዣ ተጭኖ ከዋለ ይጎብጣል። አንዴ ከጎበጠ ደግሞ እግርሽን በደንብ አይይዝልሽም፣ ስትዞሪ ተረከዝሽ ይወጣል። እኔ አራት ዓመት ጠንካራውን መያዣ ነው የተጠቀምኩት፣ ከረጢቶቹን እንዳሉ እሱ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ስትገዢ ጫማሽን ይዘሽ ሂጂ። ጎን ለጎን አስተኚያቸው፣ የአንዱ ጣት በሌላው ታኮ በኩል እንዲሆን። ዚፑ ሳይገፋ ከተዘጋ ልክ ነው። ታኮው ክዳኑን ከነካ ግን ተይው፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ይፈተጋል። ጎኑ ላይ መረብ ወይም ቀዳዳ ያለውን ምረጪ፤ ድፍኑ ሳጥን ያው ፌስታል ነው።

እንደኔ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የስታንዳርድ (የዋልስና የታንጎ ዓይነት ዳንስ) ጫማ ያላችሁ ወንዶችም ለዩዋቸው። ሁለቱ ሙቀት ውስጥ ተነካክተው ከዋሉ ይጣበቃሉ፣ ሲላቀቁ ላዩ ይበላሻል።

ሩምባ ሩምባ፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት የሽቦ ብሩሹን ነው። የካሞሹ ጸጉር ሲዳመጥና ማብረቅረቅ ሲጀምር በእሱ እየቦረሽን ነው የምናስነሳው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አብሮን ይዞራል። ከጫማው ጋር አንድ ላይ ከከተትሽው ግን ሳቲኑን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ብሩሹ ክዳን ይኑረው፣ ቦርሳውም ለእሱ የሚሆን የውጭ ኪስ ይኑረው። እኔ ኪስ የሌለውን ቦርሳ አላየውም እንኳ።

ሌላው፣ ወለሉ ላይ ስትቀይሪ የመንገድ ጫማሽን ያ ባዶ ከረጢት ውስጥ እንዳትከቺ! ብዙ ሰው ያደርገዋል። የመንገዱ አቧራ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፣ ማታ ካሞሹ ያነሳዋል፣ በሚቀጥለው ልምምድ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ትንሸራተቻለሽ። ለመንገድ ጫማ ሌላ መያዣ ይኑርሽ፤ ለሱ ፌስታልም ይሆናል።

መኪና ውስጥም አታሳድሪው። ፀሐይ የመታው መኪና ማስቲሹን ያላላዋል።

ደግሞ የትኛውንም ቦርሳ ብትገዢ ማታ ቤት ስትደርሺ አውጪው። ክፍት ቦታ፣ ከፀሐይና ከማሞቂያ ራቅ አድርገሽ እስከ ጠዋት አስቀምጪው። አዲስ ዕቃ ሲገዛ በውስጡ የሚመጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ፓኬት ካገኘሽ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ጣል አድርጊበት።

ቀይ ሳቲን፦
በጣም አመሰግናለሁ! ማታ ማውጣቱን እስከ ዛሬ አድርጌው አላውቅም፣ ቦርሳው ውስጥ ነበር የሚያድረው። ሁለት የጥጥ ከረጢት ራሴ እሰፋለሁ፣ ጎኑ መረብ የሆነ መያዣ ደግሞ ቅዳሜ ጫማዬን ይዤ ሄጄ እለካለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያቺን የተመዘዘች ክር ምን ላድርጋት? ልስባት?

የማታ ዋልስ፦
ኧረ በፍጹም! ከሳብሻት መስመሩን በሙሉ ይዛ ትሸበሽበዋለች። በትንሽ ስለታም መቀስ ከሥሯ ቁረጫት፣ ሳቲኑን ሳትነኪ። ከዚያ ጫፏ እንዳይተረተር ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጊባት፣ በጣም ትንሽ፣ ከበዛ እድፍ ይመስላል። እስኪደርቅ ከረጢት ውስጥ አትክተቺው።