ክርክር፦ የዩሪያና የፀረ ተባይ ድጎማ ወደ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይዙር ወይስ አይዙር?

አወያይ፦
ጥያቄው አጭር ነው። መንግሥታት ለዩሪያና ለኬሚካል ፀረ ተባይ የሚያወጡትን ድጎማ አፈር ወደሚመግቡና ሰብል ወደሚጠብቁ ባክቴሪያዎች ማዞር አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ስድብ የለም። «ሂድና አንብብ» ማለትም የለም፤ ያነበባችሁትን እዚሁ ጻፉልን። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ ይሁን።

ሥሩ፦
ይዙር እንጂ! ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ግን እንዳለ ሊወስደው አይችልም። ፋብሪካ ይህን አየር ወደ አሞኒያ ለመለወጥ ከባድ ሙቀትና ከባድ ግፊት ይፈልጋል፤ ያንን የሚያቀርብለት ደግሞ በአብዛኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሪዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ ግን ያንኑ ሥራ ባቄላ ሥር ውስጥ ተቀምጦ፣ በአፈሩ ሙቀት ይሠራዋል። የትናንት ፋሽንም አይደለም። የሆላንዱ ሳይንቲስት ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ከሚኖርበት የሥር እባጭ ለይቶ ያወጣው በ1888 ነው፤ ኖቤና ሂልትነር የሚባሉ ጀርመኖች ደግሞ ዘር ላይ የሚቀባውን የባክቴሪያ ዝግጅት በ1896 በፓተንት አስመዘገቡት። ብራዚል ያንን ሁሉ አኩሪ አተር የምታመርተው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ሳትጨምር ነው ማለት ይቻላል። መሠረቱን የጣሉት ሳይንቲስቷ ዮሃና ዶበራይነር ናቸው፤ በዚያው መንገድ የቀጠሉት ማሪያንጌላ ሁንግሪያም በ2025 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ቁጥር አምጡ፦
አኩሪ አተሩን ተቀብያለሁ። ግን ዓለም በአኩሪ አተር ብቻ አይኖርም። ስንዴ፣ በቆሎና ሩዝ እንዲህ ያለ እባጭ አይሠሩም። አዞስፒሪለም የሚባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ በእነዚህ ሰብሎች ሥር ዙሪያ ኖረው ሥሩ እንዲንሰራፋ ያግዛሉ፤ የሚያስፈልገውን ዩሪያ ሊቀንሱ ይችሉ ይሆናል፣ ሊተኩት ግን አይችሉም። «ይዙር» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራኛል። ስሪ ላንካ በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጀምበር አገደች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እገዳውን መሻር ግድ ሆነባት። የሩዝ ምርቷ ግን እስከዚያው አሽቆልቁሎ ነበር።

ሥሩ፦
ወንድሜ፣ ስሪ ላንካ ኬሚካል ከለከለች እንጂ ባክቴሪያ መቼ አዳረሰች? አታደባልቀው።

ቁጥር አምጡ፦
ተተኪው ሳይዘጋጅ የነበረው ተነሳ ነው እኮ የምለው!

የላብራቶሪዋ፦
ሁለታችሁም ማዳበሪያ ላይ ቀራችሁ፤ ጥያቄው ሰብል ጥበቃም አለበት። በዚህ በኩል አንጋፋው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በ1901 ኢሺዋታ የተባለ ጃፓናዊ በሚሞቱ የሐር ትሎች ላይ አገኘው፤ በ1915 በርሊነር የተባለ ጀርመናዊ ስም አወጣለት፤ በ1938 ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ ደስ ይላል። ባክቴሪያው የፕሮቲን ክሪስታል ይሠራል። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ ክሪስታሉም አብሮ ይገባል፤ የትሉ አንጀት አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ እዚያ ይሟሟል፣ ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ይበሳዋል። የሰው ጨጓራ አሲድ ነው፤ መርዙ የሚጣበቅበት ቦታም በእኛ አንጀት ላይ የለም። ንብን የሚፈጅ መርዝ ከመርጨት ይህ አይሻልም?

ገበሬው፦
እህቴ፣ የምትዪው ልክ ነው፤ ማሳ ላይ ያለውን ግን ልጨምር። ኬሚካል የለመደ ሰው ረጭቶ በማግስቱ የሞተ ትል ነው የሚፈልገው። ይኼኛው ሲረጭ ትሉ መብላት ያቆማል፣ የሚሞተው ግን ከቀናት በኋላ ነው። ሰውየው ቅጠሉ ላይ ሲያየው «ውኃ ነው የሸጡልኝ» ብሎ በማግስቱ የድሮውን መርዝ ይደግምበታል። ፀሐይም በጥቂት ቀናት ያከሽፈዋል፤ ስለዚህ ወደ ማታ ላይ መርጨት ነው፣ ያውም ትሉ ገና ለጋ ሳለ። ያደገ ትል ላይ አቅም የለውም። ይህን ሳያስተምሩ ማከፋፈል ለባክቴሪያው መጥፎ ስም ማትረፍ ነው።

ቁጥር አምጡ፦
ተባዩም ይለምደዋል። ጎመን የሚያጠፋው ትንሹ የእሳት እራት ይህን ባክቴሪያ መቋቋም መጀመሩ ከሃዋይ ማሳዎች የተዘገበው በ1990 ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይለመድም» የሚለው ተረት ይቅር። «ጠቃሚ» የሚለው ስምም አያዘናጋን። በርክሆልደሪያ ሴፓሺያ የሚባለው ባክቴሪያ የሥር አበስባሽ ፈንገሶችን ስለሚገታ አሜሪካ ውስጥ ለሰብል ጥበቃ ተመዝግቦ ነበር። በኋላ ግን ይኸው የባክቴሪያ ቡድን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል የዘር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሳንባ ክፉኛ እንደሚያጠቃ ስለታወቀ በር ተዘጋበት። ለተክል መልካም የሆነ ሁሉ ለሰው መልካም አይደለም።

የላብራቶሪዋ፦
ስለ በርክሆልደሪያ አልከራከርህም፣ ትክክል ነው። ለዚህ ነው ምዝገባው በዝርያ ስም ሳይሆን በእያንዳንዱ የባክቴሪያ መስመር (በዝርያው ውስጥ ባለው ንዑስ ዓይነት) መሆን ያለበት። በጥንቃቄ ከተሠራ የት እንደሚደርስ ደግሞ ኬ84 የሚባለውን ባክቴሪያ እይ። አግሮባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ የፍራፍሬ ዛፍና የጽጌረዳ ግንድ ላይ ዕጢ ያወጣል፤ አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። አውስትራሊያዊው አለን ኬር የዚሁ የበሽታው ዘመድ የሆነ ግን ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ፣ ኬ84ን፣ አገኘ፤ የችግኙ ሥር ከመተከሉ በፊት ባክቴሪያው ባለበት ውኃ ይነከራል፣ አለቀ። ባክቴሪያው የሚያመነጨው አግሮሲን የሚባል ንጥረ ነገር በሽታ አምጪውን ይገድለዋል። ከዚያ ሥጋት መጣ፦ አግሮሲንን የመቋቋሚያው ጂን ወደ በሽታ አምጪው ቢተላለፍስ? ማስተላለፊያውን ክፍል ጂኑን ከተሸከመው የዲኤንኤ ቀለበት ቆርጠው ኬ1026 የሚባለውን አወጡ። ችግሩን አስቀድሞ አይቶ ማረም ማለት ይህ ነው።

ሥሩ፦
ጂን የተቆረጠለት ነገር ውስጥ ከገባን ሌላ ክርክር መክፈት ሊኖርብን ነው።

አወያይ፦
አንከፍትም። ወደ ድጎማው ተመለሱ።

ገበሬው፦
እሺ፣ ድጎማ። የባቄላ ሥር በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ፤ መንቀል አይደለም፣ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንዱን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተቀምጦ የሚበላ ነው። አሁን ብዙ ዩሪያ የተበተነበት ማሳ ላይ ያንኑ አድርጉ። እባጩ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ተክሉ ናይትሮጅን በነፃ ካገኘ ባክቴሪያን ለምን ስኳር ይቀልበዋል? ስለዚህ በጥራጥሬ ማሳ ላይ በአንድ እጅ ዩሪያ፣ በሌላው ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያውን) መደጎም አንዱን በአንዱ ማጥፋት ነው።

ቁጥር አምጡ፦
ይህንን ነጥብ ይዤዋለሁ፤ በጥራጥሬ ማሳ ላይ የዩሪያው ድጎማ ይነሳ፣ ተስማማሁ። ግን ዩሪያ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አይሞትም፣ ባክቴሪያ ይሞታል። ገበሬ የሞተ ፓኬት ገዝቶ ምርቱ ቢቀንስ ማን ይጠየቃል?

የላብራቶሪዋ፦
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ በደንብ አነሳኸው። ባሲለስ ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ስለሚሠራ ድርቅን ይችላል፤ ሪዞቢየምና ሱዶሞናስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ግን ስፖር የላቸውም፣ ሙቀት ይጨርሳቸዋል። የብራዚል ሕግ በአንድ ግራም ወይም በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 1 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ቁጥር ፓኬቱ ላይ ይጻፍ፤ ፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሳይሆን ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የሚቆየው። ናሙናም ከፋብሪካ ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያ ይወሰድ።

ቁጥር አምጡ፦
እንግዲያው የመጀመሪያው ገንዘብ ለማቀዝቀዣና ለተቆጣጣሪ ይሁን፣ የፓኬቱን ዋጋ ለመቀነስ አይሁን።

ሥሩ፦
ገዢ ሳይኖር ማን ያመርታል? ዩሪያው በድጎማ እየረከሰ ባክቴሪያው «መጀመሪያ ብቃትህን አሳይ» የሚባልበት ውድድር ፍትሐዊ አይደለም። ዩሪያ በወንዝና በአየር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም አያስከፍለውም። ከማሳ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 270 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሒሳብ ውስጥ ይግባና ያኔ እናወዳድር።

ቁጥር አምጡ፦
ይግባ። የስንዴውን ምርት የሚተካው ነገር ግን አሁንም አልነገርከኝም።

ገበሬው፦
ስንዴውን ለጊዜው ተዉትና ከጥራጥሬ ይጀመር። አንድ ነገር ብቻ፦ ፓኬቱ ላይ የየትኛው ሰብል እንደሆነ በትልቁ ይጻፍ። የአኩሪ አተሩ ባክቴሪያ ሽምብራ ላይ እባጭ አይሠራም። ያንን የሽምብራ ዘር ላይ ቀብቶ፣ ወይም የተቀባውን ዘር ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ወይም ከፀረ ፈንገስ ጋር አሽቶ ሲያበቃ «ሞክሬዋለሁ፣ አይሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው።