በአቃቂ በኩል ያለውን የአሮጌ ባቡር መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት የምንጠብቅ በጎ ፈቃደኞች ምክር እንሻለን

የአቃቂ ነዋሪ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አቃቂ፣ ከአሮጌው የምድር ባቡር መንገድ አጠገብ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከመመረቁ ከዓመታት በፊት አሮጌው ባቡር በእኛ በኩል ማለፉን አቁሞ ስለነበር፣ መንገዱ ባለቤት እንደሌለው ቦታ ቆሻሻ ሲደፋበትና እሾህ ሲበቅልበት ኖሯል። ከሦስት ዓመት በፊት በእድራችን ስብሰባ ላይ ነገሩን አንሥተን፣ ልጆቻችን ከከባድ መኪና ርቀው የሚሄዱበት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጠዋት ጠዋት የሚንሸራሸሩበት፣ ብስክሌት ያለውም ያለ ስጋት የሚነዳበት መንገድ እንዲሆን በደቦ ማጽዳት ጀመርን።

ዛሬ የምንንከባከበው ወደ ዱከም በሚወስደው አቅጣጫ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጋውን ሙሉ ደስ የሚል መንገድ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን የዓመት ድካማችንን ፈርሶ እናገኘዋለን። ባለፈው መስከረም ስንወጣ፣ በድንጋይ የተሠራው ትንሹ የውኃ ማሳለፊያ አፉ ተደፍኖ፣ ጎርፉ በመንገዱ ላይ ዘሎ፣ ያለበስነውን ጠጠር ጠራርጎ ከታች ባለው የጤፍ ማሳ ውስጥ ዘርግፎት ነበር። የማሳው ባለቤት ቅሬታቸውን በትሕትና ነገሩን፤ እውነታቸውን ነው። ጠጠሩን ከማሳው በባሬላ ለቅመን ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ሰውም እየቀነሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን 60 ያህል ሰዎች ወጥተን ነበር፤ አሁን የምንገናኘው 9 ነን። ከዚህ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በአውቶቡስ አምጥቶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ችግኝ ተከለ፤ ፎቶግራፍ ተነሥተው ከሄዱ በኋላ ውኃ ሊያጠጣ የተመለሰ ስላልነበረ፣ ጥር ሳይገባ ከፊሉ ደረቀ፣ የቀረውን ፍየል በላው። ይህ ነገር የብዙዎቻችንን ልብ ሰብሯል።

አሁን በመካከላችን ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው ወገን መንገዱን በአንድ ዘመቻ እስከ ዱከም ከፍተን ብናሳይ ድጋፍም ገንዘብም ይመጣል ይላል። ሌላው ወገን ያለንን 3 ኪሎ ሜትር እንኳ መጠበቅ ሳንችል ስለምን እንጨምራለን ይላል። እኔ ራሴ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ክረምቱ ሳይገባ መወሰን ስላለብን፣ ሥራውን የምታውቁ ሰዎች ውኃውን እንዴት እንደምንገታው፣ ሰውንም እንዴት እንደምናቆየው እንድትመክሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቀድሞ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚያው መስመር ጥገና ላይ በመሆኑ፣ መንገዱን የሚያስብለት ሰው መኖሩን ስሰማ እንደ ዘመድ ወሬ ነው የቆጠርኩት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ይህ የ784 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን መንገድ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያቆመው በየዕለቱ በእግሩ የሚሄድበት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ የጥገና ቡድን የራሱ የተለካ ቁራጭ ነበረው፤ በዚያ ቁራጭ ውስጥ የላላ ብሎን፣ የተደፈነ ቦይ፣ የተሰነጠቀ ግንብ ቢገኝ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

ስለ ውኃው ልንገርህ። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው ምድር በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በሐምሌ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሸክም መሸከምም ይሳነዋል። የባቡሩ ድልዳል ከማሳው ከፍ ብሎ የተሠራው፣ በየቦታውም የድንጋይ ማሳለፊያ የተበጀለት ለዚሁ ነው። ጎርፉ በመንገዱ ላይ ዘለለ ስትል፣ ጥፋቱ የተጀመረው በሐምሌ እንዳይመስልህ፤ የተጀመረው ግንቦት ላይ ማሳለፊያውን ያየ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት በማሳለፊያው አፍ ላይ ሲለጠፍ እንደ በር ይዘጋዋል፤ ከኋላው ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ ገለባው ይከመርበታል፤ በመጨረሻ ጭቃው መጥቶ ይለስነዋል። ከረጢቱን በግንቦት አንድ ሰው በአንድ እጁ ያወጣዋል፤ በነሐሴ ግን 20 ሰው ዲጂኖ ይዞ አያወጣውም።

ስታጸዱ ከታች፣ ውኃው ከሚወጣበት በኩል ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ከላይ የጀመራችሁ እንደሆነ ውኃው መውጫ ሳያገኝ ይገባና ሥራችሁን መልሶ ይሞላዋል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ማንም ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ማሳለፊያው ውስጥ እንዲገባ አትፍቀዱ፤ ረዥም እንጨት ጫፉ ላይ መንጠቆ ታስሮበት ከውጭ ይበቃል፤ ሁልጊዜም ሁለት ሰው ይሁን። ቦዩን ደግሞ ከድልዳሉ እግር ሥር አጠጋግታችሁ አትቆፍሩ፤ ውኃው ወደ ድልዳሉ ሆድ ይሰርጋል፤ ራቅ አድርጋችሁ አውጡት። ከቦዩ የወጣውን ጥቁር አፈር ብዙ ሰው በቅንነት መንገዱ ላይ ሲደፋው አይቻለሁ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ጫማ የሚነቅል ጭቃ ስለሚሆን ከዚያ አርቁት። በድልዳሉ ጎንና ጎን ቬቲቨር ሣር ብትተክሉ ሥሩ ወደ ታች ስለሚጠልቅ አፈሩን ይይዝላችኋል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሐዲድም ሆነ የብረት አግዳሚ ከቀረ አትንኩት። የእናንተን ጽዳት ተገን አድርጎ ለቁራሌ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ፣ በነጋታው የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ብረቱም የመንግሥት ንብረት፣ ታሪኩም የሁላችን ነው።

ስለ ዘመቻው ከጠየቅኸኝ፣ እኔ እስከ ዱከም አልከፍትም። 3 ኪሎ ሜትሩን ለ6 ከፍላችሁ፣ እያንዳንዱን 500 ሜትር ከዳር ዳሩ ላሉ ቤተሰቦች ስጡ። ከባድ ዝናብ ባባራ ቁጥር አንድ ሰው ዶማ ተሸክሞ የራሱን ቁራጭ ይሂድበት፤ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ መንገድ ነው። ሰው የሚለግመው የሁሉም የተባለውን ሥራ ነው፤ ከቤቱ በር ፊት ያለውን ቁራጭ ግን ጎረቤት እንዳይታዘበው ሲል ይጠብቀዋል።

ከዋሽንግተን የተመለስኩ፦

የአባታችንን ምክር በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ያየሁትም ይህንኑ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። በአሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ በተባለው፣ ባቡር በተወባቸው መስመሮች ላይ በተሠራ መንገድ ብስክሌት እነዳ ነበር፤ አንዳንድ ቅዳሜም ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ቅርንጫፍ ጠርጌያለሁ። ከሜሪላንድ ከምበርላንድ ከተማ ተነሥቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ እስካለችው ፒትስበርግ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መኪና አይገባበትም። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ተራራውን የሚወጣው በቀስታ ነው፤ አዛውንትም ሕፃንም የሚሄዱበት ለዚህ ነው። የእኛም አሮጌ መስመር ያው ጸጋ አለው።

ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ግን የአሠራሩ ታሪክ ይመስለኛል። የዚያ መንገድ የመጀመሪያ ቁራጭ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠናቀቀው በ2013 ነው፤ 27 ዓመት ማለት ነው። ያ ሁሉ ሀብት ባለበት አገር እንኳ በየከተማው ያለ የነዋሪዎች ማኅበር የራሱን ቁራጭ እየከፈተ፣ የከፈተውንም እየጠበቀ ነው የተገጣጠመው። ሣር የሚያጭደው፣ የወደቀ ዛፍ የሚያነሣው፣ ቦይ የሚጠርገው አሁንም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ብዙዎቹም ጡረተኞች ናቸው።

በዚያ መንገድ ላይ ቢግ ሳቬጅ የሚባል፣ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ አለ። በውስጡ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ በረዶ ተለውጦ ግንቡን እንዳይሰነጥቀው፣ ክረምታቸው ሲገባ በሁለቱም አፉ በር ይዘጉበታል፤ እስከ ጸደይ ማንም አያልፍበትም። መጀመሪያ ሳየው ሰውን መከልከል መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን መንገዱን ለማቆየት መሆኑ ገባኝ። እናንተም ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጭቃ የሚሆነውን ክፍል ለብስክሌት ብትዘጉ አትፍሩ፤ እርጥብ አፈር ላይ ጎማ የሚተወው ቦይ የቀጣዩ ጎርፍ መሄጃ ይሆናልና። እግረኛ ግን በዳሩ ይለፍ።

ወደፊት ወደ ዱከም ለመቀጠል ካሰባችሁ፣ መንገዱ ከአዲስ አበባ ወሰን ሲወጣ ወደ ኦሮሚያ ስለሚገባ፣ ከሁለቱም አስተዳደር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል፤ ማመልከቻችሁንም በአማርኛና በኦሮምኛ አዘጋጁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደብተር ግዙ። በየቅዳሜው ስንት ሰው እንደወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ የትኛው ማሳለፊያ እንደተጠረገ ይጻፍ። ባለሥልጣን ዘንድ ስትቀርቡ ከፎቶግራፍ ይልቅ የአንድ ዓመት ደብተር ያስከብራችኋል።

ሯጭ ከገላን፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሯጭ ነኝ፤ ሥልጠናችን አንድ ቀን እንጦጦ፣ አንድ ቀን ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ነው፤ አቃቂ ዝቅ ያለና ሜዳ ስለሆነ ፈጠን ያለ ልምምድ ስንፈልግ ወደዚያ እንወርዳለን። የእናንተን መንገድ ስለሮጥኩበት አውቀዋለሁ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ጠጠሩን በተመለከተ፣ ለባቡር የተነጠፈው ድንጋይ ትልልቅ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል፤ ሐዲዱ በተነሣበት ቦታ ላይ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አልብሳችሁ ብትደለድሉት ለእግር ለስላሳ፣ ለውኃም ማስረጊያ ይሆናል። ከደብረ ዘይት መስመር ስለሚመጣ ለእናንተ ቅርብ ነው። ስትደለድሉት መሐሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ አድርጉት፤ መንገዱ 3 ሜትር ስፋት ካለው መሐሉ ከዳሩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ውኃው ሳይተኛ ወደ ጎን ይወርዳል። ልኩን በገመድና በውኃ ልክ ያዙት፤ በዓይን አይሆንም።

እንደ ሴት ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ከመንገዱ ዳር በሁለቱም በኩል 2 ሜትር ያህል ቁጥቋጦውን መንጥሩልን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስሮጥ የሚያስፈራኝ ጭለማው ሳይሆን ከጥምዝ ኋላ ያለውን አለማየቴ ነው። በዳሩ የበቀለውን ፓርቲኒየም የተባለ አረምም አበባ ሳያወጣ በጓንት ንቀሉት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ካበበ በኋላ ብትነቅሉት ግን ዘሩን እናንተው ትበትኑታላችሁ። እኔና አምስት የቡድኔ ልጆች እሑድ እሑድ ከረዥሙ ሩጫ በኋላ አንድ ሰዓት ልንሠራ ፈቃደኞች ነን፤ ከስድስቱ ቁራጭ አንዱን ስጡን።

የአቃቂ ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሶቻችሁን በወረቀት አትሜ ትናንት በእድሩ ስብሰባ ላይ አነበብኩላቸው። እስከ ዱከም የሚለው ሐሳብ ለዚህ ዓመት እንዲቆይ ተስማምተናል። 500 ሜትር የሚባለው ነገር ግን ወዲያው ነው የተያዘው፤ ከስድስቱ አራቱ ቁራጭ እዚያው ቁጭ እንዳልን ባለቤት አገኘ፤ አምስተኛው የሯጮቹ ይሁን። ከሁሉ የገረመኝ፣ ስድስተኛውን፣ ማለትም ማሳለፊያው ያለበትን ክፍል፣ የጤፍ ማሳው ባለቤት ራሳቸው መጠየቃቸው ነው። «ውኃው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው» አሉ። ቦዩ ከድልዳሉ ርቆ እንዲያልፍም ከማሳቸው ዳር አንድ ስንዝር ተኩል እንደሚለቁልን በሽማግሌ ፊት ተናግረዋል።

አባቴ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከማሳለፊያው መውጫ በኩል እንጀምራለን። ጉልበትዎ ከፈቀደ መጥተው ቦዩ የሚያልፍበትን መስመር በችካል ቢያሳዩን፣ ባጃጅ ከቤትዎ ድረስ እንልካለን፤ ወንበርና ጥላ ይዘጋጅልዎታል። መንጠቆውን የሰፈራችን ብረት በያጅ ዛሬ እየሠራው ነው፤ እንጨቱን 4 ሜትር አድርገነዋል፤ ካጠረ ከቅዳሜ በፊት ይንገሩን።

የቀድሞ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ፦

4 ሜትር ይበቃል። ጫፉን አታሹሉት፤ ከረጢቱን ቀዶ ያልፍና ግማሹን ውስጥ ይተወዋል። ድፍን አድርጎ ይጠምዝዘው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ገመድና 10 ችካል አዘጋጁልኝ።