የመረሬ አፈር ልኬት ግራ አጋብቶኛል፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ጫፍ ላይ ለጂ ፕላስ 3 ሕንፃ የመሠረት አፈር እየመረመርን ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር ጭቃ። 63.5 ኪሎውን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየለቀቅን የናሙና ቱቦ ወደ መሬት ለማስገባት የሚፈጀውን ምት እንቆጥራለን። የካቲት ላይ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ለመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር 19 ምት ፈጀ። ያኔ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። አሁን በነሐሴ እዚያው አጠገብ 4 ብቻ! ጭቃው ከቱቦው ላይ በቢላ ነው የሚፋቀው።

የትኛውን ልያዝ? የምት ቁጥር ለለስላሳ ጭቃ ብዙም እንደማይታመን አውቃለሁ። ቬን ሺር (ክንፍ ያለው ዘንግ) አስገብቼ ባዞር ጥንካሬውን አገኛለሁ፤ ግትርነቱን፣ ማለትም ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጨመቅ፣ ግን አይነግረኝም። ግትርነትን የሚለካውን ፕሬሸርሜትር (ጉድጓድ ውስጥ ተነፍቶ አፈሩን የሚገፋ መሣሪያ) ፈልጌ አጣሁ። መረሬ ላይ ቬን የሠራችሁ፣ የድሮው ስንጥቅ ውጤቱን አላዛባባችሁም? ግትርነቱንስ በምን ለካችሁ? ሰው የሚኖርበት ቤት ነውና በግምት መፈረም አልፈልግም።