አስቸኳይ፦ እህቴ ደም ከተሰጣት በ11ኛው ቀን ያንቀጠቅጣታል፤ ከደሙ ሊሆን ይችላል?

ጠያቂ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ይበርዳታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ከዚያ እሳት ትሆናለች፣ በላብ ትጠመቃለች። በፈጣን መመርመሪያው ወባ የለባትም ተባልን፤ ፓራሲታሞል ይዘን ተመለስን። ደሙ ተመርምሯል ብለውናል። አንዱን ከረጢት የሰጣት ደግሞ ወንድማችን ነው፣ ጤነኛ ነው። እስከ ነገ ልጠብቅ?

ሰላም እናት፦
አትጠብቅ ወንድሜ! የአራስ ትኩሳት አይታደርም። አሁኑኑ ውሰዳት።

መምህሩ፦
«ተመርምሯል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የተለገሰ ደም ሁሉ እንዲመረመርላቸው የሚያሳስበው ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ቂጥኝ ናቸው። ወባ እንደየአገሩ ሁኔታ ነው። በላቲን አሜሪካ የቻጋስ በሽታ፣ በሰሜን አሜሪካ በመዥገር የሚመጣው ባቤዥያ እንዲሁ በደም ይተላለፋሉ። ወባ በደም መተላለፉ ደግሞ ከ1911 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ዳኒ፦
የወባ ምርመራ አስደርጉላት።

ጠያቂ፦
ተደርጓል አልኩ እኮ!

ቅን፦
ለምን ደሙን ብቻ ትከሳላችሁ? የማኅፀን፣ የጡት፣ የሽንት ኢንፌክሽንም አራስን እንዲህ ያደርጋል። ትንኝ ነክሷትም ይሆናል። ደግሞስ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ እየተቀመጠ የወባው ፓራሳይት (ጥገኛ ተውሳኩ) አይሞትም?

ከላብራቶሪ፦
አይሞትም። በማቀዝቀዣ ሙቀት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ቅን ያለው ግን ትክክል ነው፤ ሌሎቹም ኢንፌክሽኖች ዛሬውኑ ይታዩላት።

ፈጣን መመርመሪያው የሚያየው ብዙውን ጊዜ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 100 እና ከዚያ በላይ ፓራሳይት ሲኖር ነው። አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 450,000 ማይክሮሊትር ነው። በለጋሹ ደም በማይክሮሊትር አንድ ብቻ ቢኖር መመርመሪያው አያየውም፤ ከረጢቱ ውስጥ ግን 450,000 ፓራሳይት አለ። ወባ ባለበት ያደገ ወይም ብዙ የቆየ ሰው ሳያመው ተሸክሞት ሊዞር ይችላል፤ ማላሪየ የሚባለው የወባ ዝርያ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሰው ደም ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ «ወንድሟ ነው፣ ጤነኛ ነው» ማለት ደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሄዳችሁ «ደም ተሰጥቷታል፣ 11 ቀኗ ነው» በሉ። ብለድ ፊልም (መስታወት ላይ የተቀባ የደም ጠብታ) በማይክሮስኮፕ ይታይላት። ካልተገኘና ትኩሳቱ ካልለቀቃት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም።

ጠያቂ፦
ወንድማችን እስከ ሦስት ወር በፊት ድረስ ለዓመታት ወባ ያለበት ቦታ ይሠራ ነበር። ታሞ አያውቅም። ይህን ደም ሲሰጥ ማንም አልጠየቀውም።

ከላብራቶሪ፦
ይህን ቀድመህ ብትነግረን! እሱም ይመርመር፤ ጥፋተኛ ግን አታድርጉት። የሁለቱንም ከረጢት ቁጥር ይዛችሁ ለደም ባንኩ አሳውቁ። የአንድ ሰው ደም ቀይ ሕዋሱ ለአንዱ፣ ፕላዝማው ለሌላው ተከፋፍሎ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የወሰደ ሌላ ሰው ካለ ይፈለጋል።

ሌላም አለ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዝርያ በደም ከመጣ ጉበት ውስጥ አይደበቅም፤ የተደበቀውን ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት አያስፈልጋትም። ከትንኝ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ታሪኩን በሙሉ ይስማ።

ጠያቂ፦
መንገድ ላይ ነን። ቁጥሮቹን ከካርዷ ላይ ፎቶ አንስቻለሁ።

ሰላም እናት፦
እግዚአብሔር ይማርልህ። እያጠባች መሆኗንም ለሐኪሙ ንገሩት፣ መድኃኒቱን ሲመርጥ ያስፈልገዋል። ሕፃኑስ ከማን ጋር ነው?