ክርክር፦ በከተማችን ምን እንደሚቀድም ነዋሪው ይወስን ወይስ ባለሙያው?

አወያይ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እዚያው ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም። ባለፈው ስለ ውሃና ስለ መንገድ የተጨቃጨቅነው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ አረፈ። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት ነዋሪው አዳራሽ ተጠርቶ «ምን ይቅደም?» ሲባል መልሱ የሚያስገድድ ይሁን ወይስ ምክር ሆኖ ይቅር? ሐሳብ እንጂ ሰው አንንካ።

ኢንጂነሩ፦
ምክር ይሁን ባይ ነኝ። ነዋሪውን ንቄ አይደለም። ሰው የሚጠይቀው የሚያየውን ነው፤ ኮብልስቶን ይታያል፣ የመንገድ መብራት ይታያል። የከተማችን ውሃ የሚመጣበት አንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ግን ፒያሳ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታየውም። ከግድቡ በላይ ያለው ተራራ እርከን ይሠራለት፣ ዛፍ ይተከልበት የሚል ሐሳብ እጅ ሲወጣለት አላየሁም። ዲችም ያው ነው። ጎርፍ ቤት ሲገባ ሁሉም ይጮኻል፣ በጥር ግን ስለ ዲች የሚያነሣ የለም። የሚቀድመውን መለየት ልኬት ይፈልጋል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ግድቡ በደለል መሞላቱን እኔም አውቃለሁ። የማውቀው ግን በጀሪካን ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። የሚቀሰቅሰኝ ቧንቧው ነው፤ መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ከዚያ ደፍራሹ ይንዶቀዶቃል። እሱን ለሽንት ቤትና ለወለል እይዛለሁ። ሲጠራ የመጠጡን፣ ከዚያ የልብሱን። 20 ሊትሩን ጀሪካን ስድስት ጊዜ ሞልቼ ሳበቃ ይነጋል፤ ልጆቹም ይነሣሉ። ፈረቃው ከዘለለን ባጃጅ ተኮናትሬ ሌላ ሰፈር እሄዳለሁ። ታዲያ ምን እንደሚቀድም ለማወቅ ከእኔ የበለጠ ልኬት የያዘ ማነው?

አዳራሹን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። ከማግባቴ በፊት ሌላ ከተማ ነበርኩ። ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተጠራ። ሴቶቹ ቦኖ ሰልፍ ላይ ነበርን፤ እኔ ጀሪካኔን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ ዕቅዱ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። «አስተያየት ካላችሁ» ተባለ። ስለ ውሃ ተናገርኩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ፣ ተጨበጨበ። በዓመቱ የተሠራው ያ የታተመው ነው። እኔን ያስከፋኝ ውሃው አለመምጣቱ ብቻ አልነበረም። «ያልሽው በዚህ ምክንያት አልሆነም» ብሎ የነገረኝ አለመኖሩ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ያነሣሽው ነገር በሕግም የተጻፈ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረውና 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራምም ከተሞች የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም ምን ምን እንደሚገነባ የሚያሳይ ዕቅድ፣ ሲያወጡ ነዋሪውን እንዲያወያዩ ይጠይቅ ነበር። ጎንደርም አንዷ ነበረች። ሥርዓቱ በወረቀት አለ።

ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚጠራ ስብሰባ ያለቀ ነገር ማስታወቂያ ነው፤ በጀቱ ተደልድሎ ለምክር ቤት ሊቀርብ ደርሷል። ጥር ላይ ቢጠየቅ ግን ባለሙያው የተባለውን ይዞ ዋጋውን ለማስላት፣ ቦታውን ለማየት አምስት ወር ይኖረዋል። እንግዲህ «ያስገድድ ወይስ አያስገድድ» ከማለታችን በፊት «መቼ ይጠየቅ» እንበል።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፤ እኔ ግን ትንሽም ቢሆን የሚያስገድድ ነገር ይኑር እላለሁ። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ በፈረንጆቹ 1989 ከካፒታል በጀቷ የተወሰነውን ነዋሪው እንዲደለድለው ሰጠች። በየሰፈሩ ተሰብስበው ተወካይ መረጡ፣ ተወካዮቹም ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ድሃ ሰፈሮች ያስቀደሙት ፏፏቴና አደባባይ አልነበረም፤ ውሃ፣ የፍሳሽ መስመርና መንገድ ነው። ኢንጂነሩ የሚፈራው ነገር እዚያ አልሆነም።

ኢንጂነሩ፦
እዚያው ከተማ በፈረንጆቹ 2017 ተቋረጠ። አስተዳደር ተለወጠ፣ ገንዘብ አጠረ፣ ቀረ። ነዋሪው የመረጠውን መሥራት ሲያቅትህ የሚመጣው ቅሬታ ሳይጠየቅ ከቀረው ይብሳል። ለጎንደርም ውሃ ይሰጣል የተባለውን የመገጭን ግድብ ተመልከቱ፤ ሥራው ከተጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎንደር ሁሉ በአንድ ድምፅ «ውሃ!» ቢል ይህን ግድብ በከተማ በጀት አይጨርሰውም።

የአዘዞ ልጅ፦
ከሁሉ በፊት ሰላም ይቅደም። ከተማ ወጣ ስል እናቴ በሰዓት በሰዓቱ ትደውላለች፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ነው።

ሁለተኛ፣ በእጅ ብዛት ይወሰን ከተባለ እኛ ዳር ያለነው ሁልጊዜ ተሸናፊ ነን። መሀል ከተማ ሰው ይበዛል። እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ጎማ የሚበላው መንገድ የት እንዳለ በደንብ አውቃለሁ፤ ግን እዚያ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ስንት ሰው እንደጠየቀ ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት እንደጠበቀም ይቆጠር።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንተ ልጅ፣ እናትህን ያኑርልህ። የጠበቁት ዓመት ይቆጠር ያልከውን ወድጄዋለሁ።

ኢንጂነሩ፦
እኔም። እሺ፣ ከአቋሜ አንድ እርምጃ ልምጣ። ችግሩን ነዋሪው ይናገር፣ ቅደም ተከተሉንም እሱ ያውጣ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ለባለሙያ ይተውለት። በዚህ እንስማማለን?

የሦስት ልጆች እናት፦
እንዴቱንም ሙሉ በሙሉ አልተውልህም። በዚያው በነገርኳችሁ ከተማ ቦኖ ተሠራልን፤ ጥሩ ቦኖ፣ አራት መቅጃ ያለው። የተተከለው ግን ከዲቹ ማዶ ነው። መሻገሪያው ሁለት እንጨት ነበር። ነፍሰ ጡር ሆና ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ በዚያ የተሻገረችውን ጎረቤቴን አይቻለሁ፤ በእጇ እጄን ጨምቃ ይዛ። ቦታውን የመረጠው ሰው ቀን ቀን መጥቶ ለክቶ ነበር፤ አንዲት ሴት ቢጠይቅ ሃያ እርምጃ ወዲህ ያደርገው ነበር።

ኢንጂነሩ፦
ይሄ ጥፋት የእኛ ነው። ቦታ መረጣ ላይ የሚቀዱት ሰዎች መኖር አለባቸው፤ ተቀብያለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ታዲያ አዳራሽ የማይመጣውን ሰው የት እናግኘው? ለእኔ መልሱ እድር ነው። መዝገብ አለው፣ የማይገኝ ይቀጣል፣ ሀብታሙም ድሃውም አባል ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
የሴቶች እድራችን እሑድ ነው። እንዲያው ሳንጠብቅ ብንጀምረውስ? ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ ምን ይቅደም፣ ስንት ዓመት ጠበቃችሁ፣ ለስብሰባ የሚመቻችሁ ሰዓት መቼ ነው። ጽፌ እዚህ አመጣዋለሁ።

ኢንጂነሩ፦
አራተኛ ጨምሪልኝ፤ ባለፈው ወር ውሃ የመጣችባቸውን ቀኖች በየሰፈሩ። እሱን ከሰጠሽኝ ከመስመሩ ካርታ ጋር አስተያየዋለሁ፤ ችግሩ የግፊት ይሁን የቫልቭ እናያለን።

የአዘዞ ልጅ፦
የአዘዞን እኔ አመጣለሁ። ከተሳፋሪ ጋር ስንሄድ እጠይቃለሁ።