የሞዴል ሥራ ዕቃን ከጎንደር ሱቆች በጋራ ስለማሟላት፤ የዕቅድ ውይይት

ከአስተባባሪው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን የጋራ ሐሳብ በየተራ አስተያየት እየሰጠን እንድናዘጋጅ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ውይይቱን እከፍታለሁ። ለሞዴል ሥራ፣ ማለትም ሕንፃን አሳንሶ ለመሥራት፣ ተብሎ የሚሸጥ ሙጫ፣ ቀለምና የፕላስቲክ ሉህ በከተማችን እንደ ልብ አይገኝም። ከአዲስ አበባ እናስመጣ ብንልም መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ማጓጓዣው ከዕቃው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ፣ ከፋርማሲ፣ ከማስታወቂያ ሥራ ቤትና ከቅዳሜ ገበያ በሚገኝ ተራ ዕቃ የምንሠራበትን አሠራር ጉባኤው እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን። ለመነሻ ያህል የእኔ ሐሳብ የፋሲል ግቢን በሙሉ በ1፡100 ስኬል (ከእውነተኛው መቶ ጊዜ አሳንሰን) ሠርተን በጥምቀት ሰሞን ለእይታ ማቅረብና ግዢውን ከወዲሁ መጀመር ነው።

የሥነ ሕንፃ ተማሪ ከሆነው አባል

ለአስተባባሪያችን ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ስኬሉ ሳይወሰን ግዢ እንዳይጀመር እጠይቃለሁ። አንድ የሱቅ ዕቃ ለሞዴል ይሆናል ወይም አይሆንም የሚባለው በስኬሉ ነው፤ በ1፡35 የበር መቃን የሚሆን የክብሪት እንጨት በ1፡200 ወፍራም ግንድ ይሆናል። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡100 ቢሠራ አጥሩ ብቻ 9 ሜትር ይዞራል፤ ይህን የሚችል ጠረጴዛም ሆነ ክፍል የለንም። በ1፡200 ካደረግነው ዙሪያው ወደ 4.5 ሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው 8.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆንና ጀማሪዎቻችን በወረንጦ እንኳ ሊይዙት ይቸገራሉ።

ስለዚህ ግቢውን በሙሉ ትተን፣ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን ትልቁን ግንብ ብቻ በ1፡100 እንድንሠራ፣ ከእርሱም ጎን ለጀማሪዎች መለማመጃ የሚሆኑ ጥቂት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው የአራዳ ዓይነት ቤቶች በተመሳሳይ ስኬል እንዲሠሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። 1፡100 ሌላም ጥቅም አለው። 1 ሚሊ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ማንም አባል የተማሪ ማስመሪያ ይዞ ሱቅ ቢገባ የያዘው ዕቃ ለምን እንደሚሆን ስሌት ሳያበዛ ያውቃል።

ከሥዕልና እጅ ሥራ መምህርቷ

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስኬሉ 1፡100 ከሆነ የግንቡን ድንጋይ ከምን እንደምንሠራው ከወዲሁ መናገር እችላለሁና። በየሱቁ ደጃፍ ተቆልሎ የሚውለው ግራጫው የእንቁላል ካርቶን ከማንኛውም የተገዛ ሉህ ይበልጣል። በመቀስ ሳይሆን በጣት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እየተቀደደ፣ በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ እየተነከረ በወፍራም ካርቶን ላይ አንድ በአንድ ይለጠፋል፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ስለት ስለሚኖረው ድንጋይ አይመስልም። በመካከላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ይህም በእውነተኛው ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር የኖራ መጋጠሚያ ማለት ነው። ገና እርጥብ ሳለ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይጫናል። ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ የውሃ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ነጣ ያለ ቀለም በብዙ ውሃ ቀጥኖ ይፈስበትና ሳይደርቅ የድንጋዩ ፊት ብቻ በስፖንጅ ይጠረጋል። ነጩ በክፍተቱ ውስጥ ሲቀር በኖራ የተያያዘውን ጥቁር ድንጋይ ይመስላል።

በአንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቃለሁ። ከልጆቹ አንዱ፣ ቀለሙ ትክክለኛ እንዲሆን ከግቢው የወደቀ ፍርፋሪ ድንጋይ ፈጭተን እንጠቀም ብሎ ነበር። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው፤ ፍርፋሪም ቢሆን ከዚያ አይነሣም። ይህ በሐሳቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ።

በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከሚሠራው አባል

የመምህርቷ ዘዴ ያማረ ቢሆንም የግንቡን አራት ገጽ በሙሉ በዚህ መንገድ መለጠፍ ወራት ይፈጃል። እኔ የምለው አንድ መዳፍ የሚያህል ናሙና በእንቁላል ካርቶን ተሠርቶ ከእርሱ ቅርጽ ይወሰድ፣ ቀሪው በጀሶ ይባዛ ነው። ለቅርጹ የሚያስፈልገው ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት መሙያ የሚሸጠው ሲሊኮን ሲሆን፣ ሲወጣ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መሆን አለበት። ብዙ ፈሳሽ ሳሙና በተበጠበጠበት የውሃ ሳህን ውስጥ ይጨመቅና እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ እንደ ሊጥ ይታሻል። ናሙናው አስቀድሞ ቫርኒሽ ተቀብቶና ደርቆ፣ ቫዝሊን በስሱ ከታሸ በኋላ ሲሊኮኑ ይጫንበታል፤ ሲጠነክር ይላቀቃል። ጀሶ ስናቦካ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይጨመርም፤ ቶሎ ስለሚይዝም ለአንድ ቅርጽ የሚበቃው ብቻ ይቦካል። የተረፈው በቧንቧ መፍሰሻ አይደፋም፤ እዚያው ደርቆ ይዘጋዋል።

የቆርቆሮ ክዳኑ ጉዳይ ደግሞ ከሱቃችን መደርደሪያ ያልፋል ብዬ አላስብም። የተለመደው የቆርቆሮ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በ1፡100 ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ባለ 5 ሚሊ ሜትር መደበኛ ብሎን ጥርሱ የሚደጋገመው በየ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ሁለት ድርብ ታጥፎ በአሮጌ የጎማ ጫማ ሶል ላይ ይነጠፍና ብሎኑ ጫን ተብሎ ይንከባለልበታል። የሚወጣው መስመር በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ክዳኑ የሚቆረጠው የአልሙኒየሙን ጠርዝ ሳይሆን መስመሩን ተከትሎ ነው። የካርቶን ወረቀት ልጦ ሞገዱን መጠቀም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሆኖም የእርሱ ሞገድ በ1፡100 ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚሆን የትኛውንም ቤት ያበላሻል።

ሙጫን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚታሸግበትን ነጭ ፎም ከፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በነፃ ልናገኝ እንችላለን፤ ለግንቡ ውስጣዊ አካልም ከእርሱ የሚቀል የለም። ነገር ግን ማስቲሽም ሆነ የጣሳ ስፕሬይ ቀለም ሲነካው ያቀልጠዋል፤ መጀመሪያ በነጭ ኮላና በውሃ ቀለም ካልተሸፈነ በቀር። ከዚህም በላይ ማስቲሽ ወጣቶች በሚሠሩበት ክፍል እንዲገባ አልፈልግም፤ ለምን እንደሆነ ለማንኛችንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ከታናሽ አባል

ለግንቡ ፊት ለፊት ጠጠር የሚሆን ጤፍ ብንጠቀም ምን ይመስላችኋል? ቀይ ጤፍ ፍሬው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በስኬላችን 10 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ይሆናል፤ መጠኑም ወጥ ነው። ለዛፍ ቅጠል ደግሞ ተቀቅሎ የደረቀ የሻይ ቅጠል አዘጋጅቻለሁ።

በአናጢነት ካገለገሉት አንጋፋ አባል

ልጄ፣ ሐሳብህ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አመሰግንሃለሁ፤ ጤፉን ግን ተወው። እህል ለመጫወቻ አይሆንም፤ ይህን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ አይጥ በአንድ ሌሊት ሥራችሁን ጨርሳ ትሄዳለች። የግንባታ አሸዋ በወንፊት ነፍታችሁ መጠኑን ለዩ፤ ሻካራውንና ደቃቁን ለየብቻ አስቀምጡ፤ በቀጠነ ነጭ ኮላ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ በፋርማሲ ስሪንጅ ያለ መርፌው አንጠባጥቡበት። ሳሙናው ከሌለ ኮላው አሸዋው ላይ እንደ እንባ ተንከባሎ ይቀራል እንጂ አይሰርግም። የሻይ ቅጠሉና የቡና አተላው ይሁን፤ ፀሐይ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ካልደረቀ ግን ይሻግታል። ከአናጢ ቤት የሚገኘው ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ተነክሮ ሲደርቅ ለሣር ከሁለቱም ይሻላል።

ስለ ጉልላቶቹ ማንም አልተናገረም። በግንቡ አራቱ ማዕዘናት ያሉት ማማዎች ጉልላታቸው የእንቁላል ቅርጽ ስላለው፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ቆርጦ መትከል ይበቃል የሚሉትን አልቀበልም። ኳሱ 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስኬላችን 4 ሜትር ስፋት ያለው ፍጹም ክብ ይሆናል፤ ቅርጹም መጠኑም ከማማው ጋር መነጻጸር አለበት። መጀመሪያ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ተጠይቆ ማማው ይለካ፤ ከዚያ በልኩ የሚሆን እንቁላል ተመርጦ በጠባብ ጫፉ በኩል ጀሶ የሚፈስበት ቅርጽ ይሁን። የበርና የመስኮቱን ዙሪያ ያስጌጠው ቀይ ለስላሳ ድንጋይም ከግድግዳው ጋር አብሮ ጥቁር እንዳይቀባ አደራ።

ከገንዘብ ያዥዋ

ከጋሼ በኋላ መናገር ከባድ ቢሆንም የገንዘቡን ነገር ላንሣ። የዋጋ ዝርዝር በሐሳቡ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም፤ እስኪጸድቅ ድረስ ዋጋው ስለሚለወጥ ጉባኤው በቁጥር ይከራከርብናል። ይልቁንም ዕቃውን በሁለት እንክፈለው። ማኅበሩ በጋራ የሚገዛው ጥራቱ ሥራውን የሚወስነውን ብቻ ይሁን፤ ይኸውም የካተር ምላጭ፣ ነጭ ኮላ፣ ሲሊኮን፣ ብርጭቆ ወረቀትና አራት የቀለም ዓይነት ነው። የደነዘዘ ምላጭ ፎሙን ከመቁረጥ ይልቅ ፍሬ በፍሬ ይፈለፍለዋል፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ኪሳራ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም ካርቶን፣ ፎም፣ ሰጋቱራ፣ ሽቦና ከማስታወቂያ ሥራ ቤቶች የሚተርፍ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ በአባላት ይሰብሰብ። ከቆራሌ የሚገዛ ነገር ደረሰኝ ስለማይኖረው ሁለት አባላት የሚፈርሙበት ወረቀት ይዘጋጅልኝ። ያለዚያ ለኦዲት መልስ የለኝም።

ከጸሐፊው

እስካሁን ከተነገረው ተነሥቼ የሐሳቡን ዋና ክፍል እንደሚከተለው አርቅቄአለሁ፤ «ማኅበሩ የዐፄ ፋሲልን ግንብና ለልምምድ የሚሆኑ ጥቂት የመኖሪያ ቤቶችን በ1፡100 ስኬል እንዲሠራ፣ ለግንቡ ልኬት ከሚመለከተው አካል ፈቃድ እንዲጠየቅና ልኬቱ ሳይጠናቀቅ ምንም ዓይነት የጋራ ግዢ እንዳይፈጸም፣ ከቅርሱ ቦታ ድንጋይም ሆነ ፍርፋሪ እንዳይነሣ፣ ምላጭ፣ ነጭ ኮላ፣ ሲሊኮን፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም በጋራ ገንዘብ ተገዝተው ሌላው ዕቃ በአባላት እንዲሰበሰብ፣ ማስቲሽና የጣሳ ስፕሬይ ቀለም ወጣቶች በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ እንዳይገቡ ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስን በአክብሮት እንጠይቃለን።» እርማት ያለው አባል ከመላኩ በፊት ያሳውቀኝ።

ከአስተባባሪው

ግቢውን በሙሉ እንሥራ ያልኩበትን ሐሳብ አንሥቻለሁ፤ የ9 ሜትሩ ስሌት በቂ ነው። ለጥምቀት ሰሞን ይድረስ የሚለው ግን ከረቂቁ ወጥቷል፤ ቢያንስ የጭቃ ቤቶቹ ለዚያ ጊዜ እንዲደርሱ ይጨመርልኝ።

ከሥዕልና እጅ ሥራ መምህርቷ

የጭቃ ቤቶቹ ይደርሳሉ፤ ለአስተባባሪያችን ማሻሻያ ድጋፌን እሰጣለሁ።

በአናጢነት ካገለገሉት አንጋፋ አባል

አንድ ነገር ጨምሩበት። ያለቀ ምላጭ ከካርቶን ቁርጥራጭ ጋር ተቀላቅሎ ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል፤ ቀዳዳ የተበጀለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በክፍሉ ይቀመጥና ሲሞላ ተዘግቶ ይወገድ። ካርቶኑን የሚያነሡት ቆራሌዎች በባዶ እጃቸው ነው የሚያገላብጡት።

ከጸሐፊው

የጋሼ ሐሳብ ከምላጩ ግዢ ቀጥሎ፣ የአስተባባሪውም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቷል። ሌላ እርማት ስላልቀረበ ረቂቁን ለጉባኤው ሰብሳቢ አስተላልፌአለሁ።